ዝም ያለችው ላም፦ አርሴኒክ፣ ሙቀትና ሆርሞን በጣና ዳር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ነው። ሁለት ዲቃላ የወተት ላሞች አሉኝ። ቡራቡሬዋ ሦስት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም፤ በየሦስት ሳምንቱ ትመለሳለች። ጥቁሯ ከተዳቀለች ሁለት ወር ተኩል ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ኮርማ ስትፈልግ አላየሁም። ቀለባቸው የሩዝ ገለባና ከሐይቁ የማወጣው እምቦጭ ነው፤ የሚጠጡት ከግቢዬ ጉድጓድ ነው። ልጄ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ሆርሞንን ያውካል የሚል ጽሑፍ አነበበልኝና እንቅልፍ አጣሁ። ለሁለቱም የሆርሞን መርፌ ላስወጋቸው?»

መልስ፦ አባቴ፣ መርፌውን ለጊዜው ያቆዩት። ልጅዎ ያነበበው ነገር እውነትነት ስላለው «ይተዉት» ብዬ ብቻ ላልፈው አልፈልግም፤ ትንሽ ይታገሡኝ።

ሆርሞን በደም የሚጓዝ መልእክት ነው። ላም ኮርማ እንድትፈልግ የሚያደርጋት ኤስትሮጅን፣ እርግዝናን አጽንቶ የሚይዘው ፕሮጀስትሮን፣ በጭንቅ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የሚመነጨው ኮርቲሶል፣ ሦስቱም ስቴሮይድ የሚባሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መልእክቱ ሥራ የሚሠራው ግን ሴሉ ውስጥ የሚቀበለው ሲያገኝ ነው። እህል ጆንያ ውስጥ ሲከተት ያስቡት፤ አንዱ ያፈሳል፣ ሌላው የጆንያውን አፍ ከፍቶ ይይዛል። እህሉ ሆርሞኑ ነው፤ ጆንያው ተቀባዩ ፕሮቲን ነው። የጆንያውን አፍ የሚይዝለትም ረዳት ፕሮቲን አለ። በተለይ የኮርቲሶል ተቀባይ ያለዚህ ረዳት ሆርሞኑን መያዝ አይችልም። ያዥ ሲጠፋ እህሉ መሬት ይፈሳል፤ ሆርሞኑ በደም ሞልቶ ሳለ ሰውነት እንዳልሰማ ይሆናል።

አርሴኒክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ መርዝ ከድኝ ጋር አጥብቆ ይጣበቃል። በፕሮቲን ላይ የተቀራረቡ ሁለት የድኝ ጫፎች ካገኘ እንደ ክር አያይዞ ይሰፋቸዋል። የኮርቲሶል ተቀባይ ሆርሞኑ በሚገባበት በኩል እንዲህ ያሉ ጫፎች ስላሉት፣ አርሴናይት የሚባለው የአርሴኒክ ዓይነት የጆንያውን አፍ ይሰፋዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ጥፋቱ ሴሉን ማስጨነቁ ነው። በተጨነቀ ሴል ውስጥ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ያጣሉ፤ አፍ ያዦቹም የተበላሸውን ለማቃናት ይሯሯጣሉ። ሴሉ ተጨማሪ ረዳቶችን በብዛት የሚያመርተውም በዚህን ጊዜ ነው። ኃይለኛ ሙቀትም ይህንኑ ያስከትላል፤ እነዚህ ረዳቶች «የሙቀት ፕሮቲኖች» የተባሉትም መጀመሪያ የታወቁት በሙቀት ምክንያት ስለሆነ ነው። በቤተ ሙከራ ሴሎች ላይ እንደታየው፣ በጣም ጥቂት አርሴኒክ የኮርቲሶልን መልእክት ከልክ በላይ ያጎላዋል፤ መጠኑ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ያፍነዋል። አይጦች አርሴናይት ያለበት ውኃ ሲጠጡም እንቁላል የሚያመርተው አካላቸው ሥራ ይዳከማል። እንስሳው በዓይን ጤነኛ እየመሰለ መልእክቱ ሊዛባ መቻሉ ነው የነገሩ ክፉ ጎን።

አሁን ወደ በረትዎ እንምጣ። ቡራቡሬዋ በየሦስት ሳምንቱ ትመለሳለች ብለውኛል። የላም ዑደት 21 ቀን አካባቢ ነው። ይህን ቀጠሮ የምታከብር ላም ኤስትሮጅኗም ፕሮጀስትሮኗም ተራቸውን ጠብቀው እየሠሩ ነው፤ መልእክቱም እየደረሰ ነው። የተሰፋ ጆንያ ያላት ላም እንዲህ ቀን አትቆጥርም። ስለዚህ አለመያዟን ከሌላ ቦታ እንፈልገው።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀለቡን ነው። እምቦጭ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ውኃ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። የሩዝ ገለባም ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ገለባውን በዩሪያ ያክሙት፦ ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ በደንብ በጥብጠው እኩል ይርጩት፣ በፕላስቲክ አፍነው ለ3 ሳምንት ይተዉት፤ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሌሊት አናፍሱት። ከስድስት ወር በታች ላሉ ጥጆች ፈጽሞ አይስጡ፤ ዩሪያው የተበጠበጠበትንም ውኃ ከብት እንዳይጠጣው አደራ። ከዚህ ላይ ፋጉሎና ፉርሽካ ይጨምሩላት።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሆልስታይን የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ ደም ያላት ላም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን የባሕር ዳርን ሙቀት እንደ ፎገራ ዝርያ አትችለውም። በሙቀት ስትጨነቅ ኮርቲሶሏ ይጨምራል፣ የፍላጎቷ ምልክት ይደበዝዛል፣ የሚያዘውም ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠፋል። የሣር ክዳን ጥላ ይሥሩላት፤ ዋናውን ቀለብ ማለዳና ማታ ያድርጉት፤ ውኃ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አይታጣ። ምልክቱን ጠዋት ካዩ አዳቃዩ ከሰዓት ይምጣ፤ ማታ ካዩ በማግስቱ ጠዋት። ይህም ተደርጎ ከተመለሰች ማሕፀኗ ቁስለት እንዳለው የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት።

የአርሴኒኩን ነገርም እንዲሁ አንተወውም፤ ቤተሰብዎም ከዚያው ጉድጓድ ይጠጣል። በአገራችን አርሴኒክ ከፍ ብሎ የተገኘው በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የእርስዎ ጉድጓድ ግን ያለው በደጋው ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ቢሆንም አርሴኒክ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም ስለሌለው የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ማፍላት አያወጣውም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። ክሎሪንም አያጠፋውም። ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ይሙሉና በወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲመረመር ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው መጠጥ የሚፈቅደው በሊትር እስከ 10 ማይክሮግራም ነው።

ሩዝ ውኃ በተኛበት ማሳ ስለሚያድግ በአፈር ውስጥ ያለ አርሴኒክ ወደ አርሴናይት ተለውጦ በቀላሉ ወደ ሥሩ ይገባል፤ ከፍሬውም ይልቅ በገለባው ይከማቻል። የባንግላዴሽ ገበሬዎች ችግር ይኸው ነው፤ ማሳቸውን የሚያጠጡት አርሴኒክ ባለበት የጉድጓድ ውኃ ነው። እርስዎ በዝናብና በወንዝ ውኃ ካበቀሉት ገለባው አያስፈራዎት። እምቦጩን ግን ይጠንቀቁ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው ይህ አረም ከውኃው የሚያገኘውን ከባድ ብረትና አርሴኒክ መጥጦ ይይዛል፣ በተለይ በሥሩ። ከከተማ ፍሳሽ መውረጃ አጠገብ የወጣውን አይስጡ፤ ከሌላውም ሥሩን ቆርጠው፣ አጠውልገው፣ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ይቀላቅሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም። አንዳንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችና አጥሮች ምስጥ እንዳይበላቸው መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት ይነከራሉ፤ አረንጓዴ ጥላ ይታይባቸዋል። የእንዲህ ዓይነት እንጨት አመድ ጨው ጨው ስለሚል ከብት ይልሰዋል፤ ጥቂቱም ይገድላል። ድንገተኛ የሆድ ቁርጠት፣ ለሃጭ ማዝረክረክና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጥሩ። አሮጌ ምሰሶ አያንድዱ። በአመዱ ፈንታ የሚልሱት አሞሌ ይስቀሉላቸው።

የቀረችው ጥቁሯ ናት። ዝምታዋን እንደ በሽታ ቆጥረውታል። ከተዳቀለች ሁለት ወር ተኩል ሆኗት፣ ሦስት ቀጠሮ ሳትመለስ ካለፈች፣ ፕሮጀስትሮኗ ማሕፀኗን አጽንቶ ይዞ ሊሆን ይችላል። ላሞችን ወደ ፍላጎት ለመመለስ የሚሰጠው የተለመደው መርፌ ፕሮስታግላንዲን ነው፤ ሥራውም ፕሮጀስትሮን የሚያመነጨውን ቢጫ አካል ማፍረስ ነው። ላሟ አርግዛ ከሆነ ያስወርዳታል። አዳቃዩን በዚህ ሳምንት ይጥሩትና እጁን አስገብቶ ይመርምራት፤ እስከዚያ ድረስ ማንም መርፌ ይዞ እንዳይጠጋት።