የሰው ማሳ ነው ወይስ የኛም መንገድ? የኮሮና ሎክዳውን ጥያቄዎቻችሁ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2020፣ በኮሮናው ሎክዳውን (ከቤት አትውጡ በተባለበት) ጊዜ «ልጆቻችሁን ይዛችሁ የሰፈራችሁን የእግር መንገድ እዩት» ብዬ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ እንግሊዝ ገጠር የምትኖሩት ኢንቦክሴን ሞላችሁት፣ ለካ ስንቶቻችን ነን ከለንደን ውጭ ያለነው። የቻልኩትን ልመልስ።

«እህታችን ሰላም ነሽ? ከቤታችን ጀርባ ቢጫ ቀስት ያለበት እንጨት ተተክሏል፣ መንገዷ ግን በገብስ ማሳ መሃል ነው የምታልፈው። ባለቤቴ የሰው እህል አልረግጥም ብሎ ከበሩ ይመለሳል።» (ከሄርትፎርድሺየር)

ባለቤትሽ እኔን ነው የመሰለኝ። አገር ቤት የሰው አዝመራ መርገጥ ነውር ነው፣ በድንበሩ ዞረሽ ነው የምትሄጂው፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ ነው የገባሁት። ግን ያ ቢጫ ቀስት ፐብሊክ ፉትፓዝ (የሕዝብ የእግር መንገድ) ማለት ነው፣ መሬቱ የገበሬው ነው መንገዱ ግን የሕዝብ ነው፣ በሕግ ከፊት ለፊት ካለው አስፋልት አይለይም፣ ማንም ውለታ እየዋለልሽ አይደለም። ገበሬው ማሳውን ሲያርስ መሃል ያለውን መንገድ ቢገለብጠው እንኳን በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት አድርጎ መልሶ ማውጣት አለበት፣ እህል ቢበቅልበትም ማጽዳት የሱ ግዴታ ነው። ተዘግቶ ካገኛችሁት ከገበሬው ጋር አትጨቃጨቁ፣ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) ንገሩ በቃ። ሰማያዊ ቀስት ካያችሁ ደግሞ ፈረስና ሳይክልም ስለሚያልፍበት ልጆቹን ሰብሰብ አድርጉ። እና ባለቤትሽ ይሉኝታው ካልለቀቀው አንድ ባንድ ተከታትላችሁ ሂዱ፣ እህሉም አይጎዳም እሱም አይሳቀቅም።

«መኪና ይዘን ራቅ ብለን መሄድ ይቻላል? ዌልስ ድንበር ላይ ነን።»

እንግሊዝ ውስጥ ከሜይ 13፣ 2020 ጀምሮ ተፈቅዶ ነበር፣ ለእንቅስቃሴ መውጣት በቀን አንዴ የሚባለውም ቀርቶ ነበር። ዌልስ ግን ያኔ ገና ነበር፣ ለሽርሽር ድንበር መሻገር አይቻልም ነበር። ከሌላ ቤት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚፈቀደው፣ እሱም በ2 ሜትር ርቀት፣ ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ ተጠራርቶ ዳቦና ዶሮ ወጥ ይዞ መውጣት ቆይቶን ነበር።

«ጎጃም ላም እየጠበቅኩ ነው ያደግኩት፣ ባለፈው እሁድ ግን ከልጆቼ ፊት ላሞች ከበውኝ ሮጥኩ፣ አፍሬያለሁ።»

ወንድሜ አትፈር! ያንተ ላሞች ድምፅህን ያውቁ ነበር፣ እነዚህ ደግሞ ክረምቱን በረት ውስጥ ከርመው ገና መስክ መውጣታቸው ነው፣ ብዙዎቹ ጥጃ አላቸው። ዋናው ነገር በላምና በጥጃ መሃል አለመግባት ነው፣ በዳር በዳር ማለፍ፣ አለመሮጥ። ወይፈኖቹ የሚከተሉህ ጉጉት ይዟቸው ነው፣ ዞር ብለህ እጅህን ዘርግተህ ቁም፣ ብዙ ጊዜ ይቆማሉ። ውሻ ካላችሁ በአጭር ገመድ ያዙት፣ ከመጡባችሁ ግን ልቀቁት፣ የሚፈልጉት እሱን ነው፣ እሱ ደግሞ ከናንተ ይበልጥ ይሮጣል። «ኮርማስ ቢያጋጥመን?» ብለህ ለጠየቅከኝ፦ የወተት ዝርያ የሆነ ከ10 ወር በላይ ኮርማ ፉትፓዝ ባለበት መስክ መልቀቅ ክልክል ነው፣ የሥጋ ዝርያው ግን ከላሞች ጋር ከሆነ ይፈቀዳል፣ እኔ እሱን ሳይ ቀስ ብዬ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው።

«ልጄን ሳማ ለበለባት፣ እዚህም አለ እንዴ?»

አለ፣ ያውም በየመንገዱ ዳር፣ ሲያድግ ደግሞ ወገብ ይደርሳል። ሱሪ ረዘም ያለ አልብሻት። የእንግሊዝ ልጆች ዶክ የሚሉትን ሰፊ ቅጠል ያሹበታል፣ የኛ ቱልት ዘመድ ነው፣ ያድን አያድን እንጃ ማሸቱ ግን ለቅሶ ያስረሳል።

«እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሎክዳውን ያዛት። ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ሰው ያፈጥባታል፣ እሷ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ጠጋ ብላ ሰላም ልበል ትላለች።»

እናታችን ትክክል ናቸው። ለንደን ሰላም ብትዪ እብድ ነው የሚሉሽ፣ ገጠር መንገድ ላይ ግን ዝም ብሎ ማለፍ ነው ነውሩ። ብቻ ጠጋ ማለቱን ትተው ከሩቁ ጎንበስ ብለው እጅ ይንሱ፣ ለኮሮና ዘመን ከኛ ሰላምታ የተሻለ አልነበረም እኮ። አፍጥጦ የሚያይ አለ፣ አልዋሽሽም፣ እኔንም አሁንም ያዩኛል፣ ሦስተኛ ቀን ስታልፉ ግን ስለ አየሩ ያወሩልሻል። እንጨት ረግጦ አጥር የሚዘለልበትን መንገድ ተይው፣ በር በር ያለውን ምረጪላቸው፣ ሲነኩት እጅ ማጽጃ አትርሺ። ብዙ መንገዶች ደግሞ የሚያልቁት ቤተክርስቲያን ጋ ነው፣ የድሮ ሰው ለቅዳሴ ይሄድበት ስለነበር፣ ሕንፃው ያኔ በሎክዳውኑ ተዘግቶ ነበር፣ ግን ከግቢው ውጭ ቆሞ መሳለም ማን ይከለክላቸው ነበር።

«የ14 ዓመት ልጄ ከአልጋዋ አልነሳም አለች፣ ምን ላድርግ?»

ካርታውን ስጫት። ኦርድናንስ ሰርቬይ ኤክስፕሎረር የሚባለው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ መስመሩ ፉትፓዝ ነው (ጥቁሩ ላይ አትተማመኑ፣ መንገድ ቢኖርም መብት ላይኖር ይችላል)። ከዛ ስትሳሳት ዝም በይ፣ ይሄ ከባዱ ነው። የኔዋ ባለፈው ቅዳሜ እየመራችን ሄዳ ሄዳ ቀጥታ የሰው ጓሮ ውስጥ ከተተችን፣ ልብስ የተሰጣበት፣ ጽጌረዳ የተተከለበት፣ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ማሚ መንገዱ በዚህ ነው» አለችኝ፣ እውነትም አጥሩ ላይ ቢጫ ቀስት አለ። ሴትዮዋ ከመስኮት ሆነው እጃቸውን አውለበለቡልን።