ከድሬዳዋ ሆኖ ቀዝቃዛ ኮከብ ማጥናት

ልጆቼ፣ ፊዚክስ ተምራችሁ «ቴሌስኮፕ በሌለበት ከተማ ምን እንሠራለን?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አንድ ሥራ ልጠቁማችሁ፦ ግዙፍና ቀዝቃዛ ኮከቦችን፣ ዓይን በማያየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማጥናት።

ቀዝቃዛ ስል የድሬን ጥር ማለቴ አይደለም። የአርክቱረስና የአልዴባራን ገጽ 4,000 ኬልቪን ገደማ ይሞቃል፤ የፀሐያችን 5,800 ይጠጋል። «ታዲያ አልትራቫዮሌቱን ከየት ያመጡታል?» ትሉ ይሆናል። ከገጻቸው የሚወጣው እውነትም ኢምንት ነው። የሚጠቅመንም ይኸው ነው። ከገጹ በላይ ክሮሞስፌር የሚባል፣ ከገጹ ይልቅ የሚሞቅ ስስ ጋዝ አለ። ዓይናችን በሚያየው ብርሃን የገጹ ድምቀት ይሸፍነዋል። በአልትራቫዮሌት ግን ገጹ ሲጨልም፣ በስፔክትረሙ (ብርሃኑ በሞገድ ርዝመቱ ተበትኖ ሲታይ) ላይ የክሮሞስፌሩ መስመሮች ፍንትው ብለው ይወጣሉ።

በማግኒዥየም ጀምሩ። 280 ናኖሜትር አጠገብ ሁለት ደማቅ መስመሮች አሉት። ብዙ ጊዜ በአጭር ሞገድ በኩል ያለው ጎናቸው ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ከኮከቡ ተነስቶ ወደ እኛ የሚነፍሰው ጋዝ ብርሃኑን ስለሚውጠው ነው። ከዚያ ጉድለት የነፋሱን ፍጥነት መገመት ይቻላል። ግን አቦ፣ ፕሮግራም ከመክፈታችሁ በፊት መስመሩን በወረቀት አትሙና በእርሳስ እየነካካችሁ እዩት። ፕሮግራም ትርጉም ባይኖረውም ቁጥር መስጠቱን አይተውም።

ይህን ብርሃን ኦዞን ስለሚያግደው ከመሬት አይታይም። መረጃው የመጣው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ከመጠቀው አይ.ዩ.ኢ. ሳተላይትና ከ1990 ወዲህ ከሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። አሁን በኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል። በዚህ የለንደን ልጅና የድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ልጅ እኩል ናቸው፤ ኔትወርክ ካልጠፋ። ጥቅሙን ከተጠራጠራችሁ ቤቴልጁስ የተባለውን ግዙፍ ቀይ ኮከብ ታሪክ አንብቡ። በ2019 መጸው ሀብል ከኮከቡ እየራቀ የሚሄድ ጥቅጥቅና ትኩስ ጋዝ በአልትራቫዮሌት አየ። በ2020 መጀመሪያ ኮከቡ በዓይን እስኪለይ ደበዘዘ፤ ያ ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ ሳይጋርደው አልቀረም።

ለመጀመሪያ ሥራ እኔ ጋክሩክስን እመርጣለሁ። በደቡብ መስቀል አናት ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ነው፤ 88 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በግንቦት ማታ ከእኛ ሰማይ በደቡብ በኩል ይታያል፤ አብዛኛው አውሮፓዊ ከአገሩ ሆኖ አያየውም። ስፔክትረሙን ስታወርዱ ኮከቡ ራሱ ከእኛ የሚርቅበትን ፍጥነት አስቀድማችሁ ጻፉ። በመሐል ያለው የጠፈር ጋዝም በማግኒዥየሙ ላይ የራሱን ቀጭን ስንጥቅ ያኖራል። ያን ሳትለዩ ነፋስ አገኘን ብላችሁ እንዳትሮጡ።