መልስ፦ ኮድ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል ወይ?
በአማርኛ ኮድ መጻፍ ይቻላል ወይ ላልከው፣ አዎ ወንድሜ፣ በከፊል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) እና የፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) ስሞችን በፊደላችን ይቀበላል። «ዋጋ = 50» ብለህ ብትጽፍ ይሠራል። እንደ ኢፍ (if) እና ፎር (for) ያሉት ቁልፍ ቃላት፣ ማለትም ቋንቋው ራሱ ለትእዛዝ የያዛቸው ቃላት፣ ግን እንግሊዝኛ ናቸው።

ሞክሼ ፊደላትን ተጠንቀቅ። «ሰራተኛ» እና «ሠራተኛ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች። ላይ በአንዱ ሰይመህ ታች በሌላው ከጠራኸው ፕሮግራሙ አላውቀውም ብሎ ይቆማል። ስህተቱ ደግሞ ለዓይን ቶሎ አይታይም። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ አጻጻፉ ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትምህርቱ ነው። አንድ ልጅ ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ የሚያስፈጽም የኮድ ክፍል) ምን እንደሚሠራ ለመረዳት እንግሊዝኛ እስኪችል መጠበቅ የለበትም። የፓይተን ቁልፍ ቃላት 35 ገደማ ናቸው፣ በቃል ይያዛሉ። ማብራሪያውንና ኮሜንቱን (ኮድ ውስጥ ለሰው ብቻ የሚጻፈውን ማስታወሻ) ግን ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ ጻፍለት።