እናቴ ጥርስ ይተከልላት ወይስ ይቅርባት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 84 ዓመቷ ነው፤ አቅሟ ደክሟል፣ የደም ማቅጠኛም ትወስዳለች። የታችኛው ተነቃይ ጥርሷ ላልቶ ስታኝክ ይነሳባታል፤ ከስታለችም። ወንድሜ «ኢምፕላንት ይተከልላት» ይላል፤ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ማለቱ ነው፤ እኔ ፈራሁ። ከጥርሱ ስር የወጣባትን ቁስል አንድ ወር ሙሉ ማደንዘዣ ቅባት እየቀባንላት ነው። ማቅጠኛውን ከወዲሁ ብናቋርጠውስ?

መልስ፦ የፈሩት ገብቶኛል፤ ብትተውት በረሃብ እንዳይጎዱ፣ ብታሠሩት እጃችሁ ላይ እንዳይቀሩ ነው። ይረጋጉ። ሰው በድዱም ለስላሳ ምግብ በልቶ ይኖራል፤ ኢምፕላንትም ቦታውን ብቻ አደንዝዞ የሚሠራ ነው፤ ዕድሜ ብቻውን አይከለክለውም።

ቁስሉ ግን አላስተኛኝም። አንድ ወር! ጥርሱ ልጦት ከሆነ ጥርሱ ሲወልቅ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይድናል። ከዚያ ካለፈ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ከቁስሉ ቅንጣት ተወስዶ ይመረመራል። የሚያመው ቁስል ብዙም አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ጠርዙ የጠጠረ፣ የማያም ቁስል ነው። እናንተ ደግሞ ሕመሙን በቅባት አጠፋችሁት! ምላሳቸውን አስወጥተው ጎንና ጎኑን፣ ሥሩንም በባትሪ ይዩ፤ አንገታቸውን ዳብሰው እብጠት ይፈልጉ። ምንም ባያገኙም በዚህ ሳምንት ይውሰዷቸው። ማቅጠኛውን ደግሞ እንዳትነኩት። ድድ ቢደማ ተጭነን እናቆመዋለን፤ አንጎል ውስጥ የረጋ ደም ግን እንዲህ በዋዛ አይመለስም።

ቁስሉ ሲጣራ ወደ ጥርሱ እንመለስ። እኔ ብሆን ከአሮጌው እጀምራለሁ። ድዱ ስለሟሸሸ ነው የላላው፤ የተነቃዩን ጥርስ ውስጥ በአዲስ ሽፋን መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አፋቸውም ለምዶታል። መርሳት ለጀመረ ሰው አዲስ ጥርስ ባዕድ ነው፤ ስንቱ በናፕኪን ተጠቅልሎ ተጥሏል! ይህ ካልሠራ ከፊት በኩል ሁለት ኢምፕላንት ተተክሎ ተነቃዩን ይይዘዋል። አጥንቱ እስኪይዘው ግን ወራት ይፈጃል፤ ለአጥንት መሳሳት መርፌ ወይም ኪኒን ከወሰዱ አስቀድመው ይንገሩ። ወንድምዎንም በየቀኑ ማን እንደሚያጸዳው ይጠይቁት።

ክብደቱን በጥርስ ብቻ አታሳቡ፤ ጥርስ ገብቶላቸውም የማይበሉ አሉ። ለሐኪማቸው ይንገሩ። እናትዎ ራሳቸው ምን እንዳሉ ግን አልጻፉልኝም። ዛሬ ማታ ጥርሱን አውልቀው፣ አጽድተው ውሃ ውስጥ ሲያስቀምጡላቸው ይጠይቋቸው፤ አፍ ውስጥ የሚያድር ጥርስ ለሳንባ ምች ያጋልጣል።