ያሰጋል ወይስ አያሰጋም? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ከጎጃም ልዩ ልዩ ቦታዎች የደረሱኝ ደብዳቤዎች ጉዳያቸው ቢለያይም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ያሰጋል ወይስ አያሰጋም?» የሚል። በአንድ ቃል መመለስ ግን አልቻልሁም። ከስንት ሰው ስንቱን እንደሚያገኝ፣ ቢደርስ ምን እንደሚያሳጣና መከላከሉ ምን ያህል እንደሚያደክም ሳይታወቅ «ያሰጋል» ማለት ሰውን ከማስደንገጥ በቀር አይጠቅመውም።

ከደብረ ማርቆስ፦ የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰርን በ18 በመቶ ይጨምራል ሲባል ሰማሁ። ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት ነውን? ቋንጣስ?

አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ይህ አኃዝ በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ (በጨው፣ በጭስ ወይም በመሰለው ዘዴ እንዲቆይ የተሰናዳ) የሚበላ ሰው በፊት በነበረበት ስጋት ላይ የሚጨመረውን ያመለክታል። ሰፌድ ላይ 100 የባቄላ ፍሬ ዘርግተው 6ቱን ወደ ዳር ይለዩ፤ እነዚህ ሥጋውን ባይበሉም በዕድሜያቸው በሽታው የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው እንበል። የ6ቱ ፍሬ 18 በመቶ ወደ 1 ይጠጋልና አንድ ፍሬ ብቻ ወደ ዳሩ ይጨምራሉ፤ 93ቱ ካሉበት አይነቃነቁም። ተቋሙ ካንሰር አምጪ ነገሮችን በመደበበት ዝርዝር «ከሲጋራ ጋር አንድ ምድብ ነው» የሚባለውም እውነት ነው፤ ነገር ግን ምድቡ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የጉዳቱን መጠን አይናገርም። ቋንጣ በጨው ታሽቶ የሚደርቅ ስለሆነ በትርጉሙ ከዚሁ ወገን ይገባል፤ አልፎ አልፎ የሚበላ ቋንጣ ፍርፍር ግን በየቀኑ ከሚበላ 50 ግራም ጋር አይተካከልም።

ከቢቸና አንድ ገበሬ፦ ልጄ በስልኩ አይቶ «የዝናብ ዕድሉ 30 በመቶ ነው» ስላለኝ የታጨደውን ጤፍ ሳልከምር አደርሁ፤ ሌሊቱን ዘነበበት። እንዲህ ያለ ትንበያ ምን ይረባል?

ነዶው ርሶ ሲጠቁር ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁና ከልቤ አዝኛለሁ። ሆኖም 30 በመቶ ማለት «አይዘንብም» ማለት ሳይሆን እንደዚያ ካሉ 10 ሌሊቶች በ3ቱ ይዘንባል ማለት ነው። መከመሩ የሚጠይቀው የግማሽ ቀን ወንፈል፣ አለመከመሩ የሚያሳጣው ደግሞ የዓመት ቀለብ በሆነበት ጊዜ 30 ቀርቶ 10 በመቶም ለመከመር ይበቃል። ልብስ አጥቦ ለማስጣት ቢሆን ኖሮ ያንኑ ቁጥር ቸል ቢሉት አይጎዳዎትም ነበር።

ከደምበጫ፦ ከሰሉ ጭሱ ወጥቶለት ፍም ከሆነ በኋላ ቤት አስገብቶ መተኛት ያሰጋልን?

እጅግ ያሰጋል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የጭሱ መጥፋት የጋዙን መጥፋት አያሳይም። ከመተኛትዎ በፊት ምድጃውን ከቤት ያውጡት።

ከደብረ ኤልያስ፦ ልጃችን ያጫት ልጅ እናት እግራቸው ያበጠ ነው። ዘመድ «የዘር በሽታ ነው፣ ይጋባልም» እያለ ጋብቻውን ሊያፈርሰው ነው።

በደጋውና በወይና ደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱትን የሚያገኘው ይህ የእግር እብጠት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ሰርጎ ይገባና የፈሳሽ መተላለፊያ ሥሮችን ያቆስላል። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። ስለ ዘር የሚባለው ግማሽ እውነት አለበት፤ በቤተሰብ የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ብቻ ነው፣ ጫማ አድርጎ ያደገ የተጋላጭ ቤተሰብ ልጅ ከበሽታው ይጠበቃል። ግማሹ እውነት ሙሉ ሆኖ ሲወራ ስንት እጮኛ እንደተለያየና ስንት እናት ከለቅሶና ከማኅበር እንደቀረች ሳስብ እጅግ ይከፋኛል። ለእናቲቱ እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ካልሲና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንስላቸዋል፤ ለሙሽሮቹም የሚያስፈልገው ጫማ እንጂ መለያየት አይደለም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ልጄን ውሻ ከነከሰው ዘጠኝ ቀን ሆነው፤ ውሻው ያበደ ነበርና ያኔውኑ ተገድሏል። አባቴ «ቅጠል በጥብጠው የሚያጠጡ አሉ፤ የጠጣ ሁሉ ድኗል» ይላሉ። ልጁም ደህና ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ጽሑፉ እስኪወጣ አልጠበቅሁም፤ እንደደረሰኝ ደውዬ ተናግሬያለሁ። ለሌሎችም ይጠቅማልና እደግመዋለሁ። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ አይታመምም፤ እንደ ቁስሉ ቦታና ጥልቀት ምንም ሳይወስዱ የሚተርፉ አሉ። ከእነዚህ ቅጠሉን የጠጡት መትረፋቸውን ከቅጠሉ ቆጥረው በየገበያው ያወራሉ፤ ጠጥቶ የሞተው ግን ተመልሶ አይመሰክርም። «የጠጣ ሁሉ ድኗል» የሚለው ወሬ የሚወለደው እንዲህ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል፤ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ስለሚቆይ ልጁ ዛሬ ደህና መሆኑ መተማመኛ አይሆንም። ስለዚህ ምልክቱ ሳይታይ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ያስፈልገዋል። ጠበል መጠመቅ ክትባቱን አይከለክልም፣ ክትባቱም ጠበሉን አይከለክልም። በተነከሰ ሰዓት ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ይገባ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ማለፉ ግን ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቀው በዚያው ቀን ይቀጥሉ፤ የተባለውንም መጠን ሁሉ ሳያጓድሉ ያስጨርሱት።