ከመስመሩ ውጭ የሚቆም ሰው፦ ለወጣት ሥራ አስኪያጆች

ይድረስ ሰው የመምራት ኃላፊነት ገና ለተረከባችሁ የሀዋሳ ወጣቶች፤

እኔ ብዙውን ዕድሜዬን በፋብሪካና በሆቴል አስተዳደር፣ ቅዳሜና እሑዱን ደግሞ የሰፈር ታዳጊዎችን እግር ኳስ በማሠልጠን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አስተዳደርን ይበልጥ ያስተማረኝ የትኛው እንደሆነ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ ሜዳው ነው እላለሁ። አሰልጣኝ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ መስመሩን አልፎ ኳስ መምታት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ሁሉ በልምምድ ቀናት ለተጫዋቾቹ ማስተላለፍ ግድ ይሆንበታል። ሥራ አስኪያጅን ግን የሚያግደው መስመር የለም። የአብዛኞቻችሁ ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ይመስለኛል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማችን ብዙ ወጣቶች ገና በለጋ ዕድሜያቸው የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ሆነዋል። በአንድ ፋብሪካ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮሌታ በምትገጥመው ልጅ ፊት ሥራ ተከምሮ፣ ከእርሷ በኋላ ያሉት ደግሞ የሚሰፉት አጥተው ሳለ፣ ሱፐርቫይዘሩ ልጅቷን አስነሥቶ ራሱ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። እጁ ፈጣን ስለነበር ክምሩ ቀለለ፤ የሰዓቱ ታርጌትም ተሞላ። በዚያው ሰዓት ግን ከመስመሩ ጫፍ ማሽኑ የቆመበት ኦፕሬተር እጁን ቢያነሣም የሚያየው አላገኘም፤ ልጅቷም ጥፋቷ ምን እንደሆነ ሳይነገራት ከግድግዳው ተጠግታ ቆማ ቀረች። በማግስቱ ክምሩ እዚያው ቦታ ላይ ነበር።

የግራ ተከላካይ ደጋግሞ ሲታለፍ፣ ጥሩ አሰልጣኝ ልጁን ከመውቀሱ በፊት ከፊቱ ያለው የመስመር ተጫዋች ወደ ኋላ እየተመለሰ ያግዘው እንደሆነ ይመለከታል፤ ስሕተቱ የሚታይበት ቦታና የሚመነጭበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸውና። ያ ሱፐርቫይዘርም ማሽኑ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ቆሞ ቢመለከት ኖሮ፣ ኮሌታው ከቆረጣ ክፍል ሲመጣ ልኩ እኩል መሆኑን፣ ከእርሷ በፊት ያለው ሰው ሥራውን ጨርሶ ማቀበሉን፣ ልጅቷ ሥራውን በቅጡ ለምዳው እንደሆነም ማወቅ ይችል ነበር። ሦስቱም የተለያየ መፍትሔ ይፈልጋሉ፤ የእርሱ ፈጣን እጅ ግን የአንዱም መፍትሔ አይደለም።

ውጤት ስትገመግሙም እንዲሁ ናችሁ፤ የወሩ ሽያጭ ከዕቅድ በታች ከሆነ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ስብሰባ እኩል ይወቀሳል። ብሔራዊ ቡድናችን በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ከሱዳን ጋር ያደረጋቸውን ሁለት ጨዋታዎች አስታውሱ። በካርቱም 5 ለ 3 ተሸነፍን፤ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባስቆጠሯቸው ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ድምሩ 5 ለ 5 እኩል ሆኖ፣ በተጋጣሚው ሜዳ ብዙ ግብ ያገባው ያልፍ ስለነበር፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ብልጫ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ካርቱም ላይ በሽንፈት ውስጥ የተቆጠሩት እነዚያ 3 ግቦች ባይኖሩ የአዲስ አበባው ድል አይበቃንም ነበር። በከሰረ ወር ውስጥ አንድ የቆየ ደንበኛን ከመሄድ ያስቀረ ሠራተኛ ካለ ሥራው የዚያኑ ያህል ዋጋ አለውና፣ ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ እንዳታልፉት አደራ እላችኋለሁ።

ስለ ተጠባባቂዎች አጭር ነገር ልጨምር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በእግር ኳስ የቅያሪ ቁጥር ከ3 ወደ 5 ከፍ ብሏል፤ ሆኖም ሳምንቱን ሙሉ ከቋሚዎቹ ጋር እኩል ያልተለማመደ ተጠባባቂ ለቅያሪ አይበቃም። ደመወዝ የምትሠራው አንዲት ሴት ብቻ በሆነችበት መሥሪያ ቤት እርሷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ የሚፈጠረውን ግርግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተተኪውን ቀድማችሁ አለማምዱ።

ከሜዳው ሁሉንም ነገር እንዳለ አትውሰዱ። የተጫዋች የውድድር ዘመን መጨረሻ አለው፤ አሰልጣኙም የልምምዱን ክብደት ከጨዋታው ርቀት ጋር እያመዛዘነ ያወጣል። ፋብሪካ ግን የውድድር ዘመን የለውም። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥተው ቤት ለብዙ ሆነው ተከራይተው ከሚኖሩት ልጃገረዶች ብዙዎቹ በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመታት ጥለው የሄዱት በደመወዙ ማነስና በኑሮው ክብደት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደመወዙን ለመጨመር ሥልጣኑ የሌላችሁ መሆኑም ይገባኛል። የሥራውን ጫና መመጠን ግን በእጃችሁ ነው። ትልቅ የውጭ ትእዛዝ ተጭኖ በወጣ ማግስት ትርፍ ሰዓት አታዝዙ፤ በዚያ ሳምንት ከእያንዳንዷ ጋር ቁጭ ብላችሁ የትኛው ሥራ እንደሚከብዳትና የትኛውን መልመድ እንደምትፈልግ ጠይቁ፤ የሚቀጥለውንም ወር ድልድል በመልሷ አውጡ።