ቢልድ ፎልደሩ ቢሰረዝም የማይለቅ ስህተት፦ ከአውቶቱልስ ወደ ሜሰን ስንዛወር

ጥያቄ፦ በሲ የተጻፈ ፕሮግራማችንን ለዓመታት የምንገነባው በአውቶቱልስ ነበር፤ በቅርቡ ወደ ሜሰን አዛወርነው (ሁለቱም ሶርስ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚገነቡ መሣሪያዎች ናቸው)። አዲስ ክሎን ያደረገችው ባልደረባዬ ጋ ሁሉም በትክክል ይሠራል። እኔ ጋ ቢልዱ ያለ አንድ ስህተት ያልቃል፤ ፕሮግራሙ ግን የቲኤልኤስ (የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ፕሮቶኮል) ድጋፍ የለኝም ይላል፣ አልፎ አልፎም በሴግመንቴሽን ፎልት፣ ማለትም የማይገባውን ሜሞሪ በመንካት፣ ይቆማል። ቢልድ ፎልደሩን ደጋግሜ ሰርዤ እንደገና ሠራሁት፣ ለውጥ የለም። ኮዳችን አንድ ነው፤ «ጊት ስታተስ»ም ንጹሕ ነው ይላል። ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ችግሩ የሚሰርዙት ፎልደር ውስጥ የለም፤ ከሶርስ ኮዱ ጎን ነው የተቀመጠው። አውቶቱልስን እዚያው ሶርስ ፎልደር ውስጥ «ኮንፊገር» ከዚያም «ሜክ» እያሉ ሲገነቡ ከኖሩ፣ የመጨረሻው ኮንፊገር የፈጠረው «ኮንፊግ.ኤች»፣ ማለትም የትኞቹ ድጋፎች እንደተከፈቱ የሚመዘግበው ሄደር (ሌሎች የሲ ፋይሎች የሚያስገቡት ፋይል)፣ አሁንም የሶርስ ኮዱ ፎልደር «ኤስአርሲ» ውስጥ አለ። ሜሰን ደግሞ የራሱን «ኮንፊግ.ኤች» ቢልድ ፎልደር ውስጥ ይፈጥራል። ስማቸው አንድ ነው፤ ኮምፓይለሩ ቀድሞ የሚያገኘው አሮጌውን ነው።

ለምን አሮጌውን? ሄደር በጥቅስ ምልክት ኢንክሉድ ሲደረግ፣ ኮምፓይለሮቹ ጂሲሲም ሆነ ክላንግ መጀመሪያ የሚያዩት ኢንክሉዱ የተጻፈበት ፋይል ያለበትን ፎልደር ነው። በ«ዳሽ ትልቁ አይ» (-I) ወደተሰጡት ፎልደሮች የሚሄዱት እዚያ ካጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ሜሰን የቢልድ ፎልደሩን በሰልፉ መጀመሪያ ቢያስቀምጠውም «ኤስአርሲ» ውስጥ ላለ ፋይል አይጠቅመውም፤ አሮጌው ሄደር አጠገቡ ነው። የቲኤልኤስ ድጋፍ የጠፋውም፣ ያ አሮጌ ኮንፊገር ሲሮጥ የቲኤልኤስ ላይብረሪው ስላልተገኘ ወይም ምርጫው ስላልተከፈተ ይሆናል።

በሴግመንቴሽን ፎልት መቆሙም ከዚሁ ይመጣል፤ እኔ የምፈራውም እሱን ነው። «ኤስአርሲ» ውስጥ ያሉት ፋይሎች አሮጌውን ሄደር ሲያነቡ፣ ሌላው ፎልደር «ሊብ» ውስጥ ያሉት አጠገባቸው ስለሌለ አዲሱን ያነባሉ። አንድ ስትራክት (በርካታ መስኮችን በአንድነት የሚይዝ የሲ ዓይነት) ውስጥ «ቲኤልኤስ ካለ» በሚል ሁኔታ የታጠረ መስክ ካለ፣ ግማሹ ፕሮግራም ስትራክቱን በአንድ መጠን፣ ግማሹ በሌላ መጠን ያውቀዋል። የሲ ሊንከር፣ ኦብጀክት ፋይሎችን የሚያጣምረው፣ ስሞችን ያገናኛል እንጂ የስትራክት መጠን አያመሳክርም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ የለም፣ ሜሞሪው ይበላሻል። ይህን ስህተት በዲበገር ብቻ ለማሳደድ መሞከር ቀናት ይፈጃል፤ ኮዱ ትክክል ነውና።

ከመሰረዝዎ በፊት ያረጋግጡ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት ነው የምጽፋቸው። ቢልዱ ካለቀ በኋላ «ኒንጃ ዳሽ ትልቁ ሲ ቢልድ ዳሽ ቲ ዴፕስ» ብለው ውጤቱን በ«ግሬፕ» ለ«ኮንፊግ.ኤች» ያጣሩት። ኒንጃ፣ ሜሰን ያዘጋጀውን ቢልድ የሚያስኬደው መሣሪያ፣ እያንዳንዱ ኦብጀክት ፋይል በእውነት ያነበባቸውን ሄደሮች መዝግቦ ይይዛል። በሁለት ተከታታይ ነጥቦች (..) የሚጀምር ዱካ ካዩ ከቢልድ ፎልደሩ ወጥቶ ከሶርስ የተነበበ ነው፤ ሁለቱም ዓይነት ዱካ ከወጣ ምርመራው አለቀ። አንድን ፋይል ለብቻው ማየት ከፈለጉ የኮምፓይል ትእዛዙን በ«ኒንጃ ዳሽ ትልቁ ሲ ቢልድ ዳሽ ቲ ኮማንድስ» አውጥተው «ዳሽ ትልቁ ኤች» ይጨምሩበት፤ ጂሲሲ የከፈተውን ሄደር ሁሉ ከነዱካው ይዘረዝራል።

«ጊት ስታተስ» ንጹሕ ነው ማለቱ አያታልልዎት። የቀድሞው «ጊትኢግኖር» እነዚህን ፋይሎች እንዲደብቅ ነው የተጻፈው፤ አውቶቱልስ ሲወገድ ግን መስመሮቹን ያነሳ ሰው የለም። «ጊት ስታተስ ዳሽ ዳሽ ኢግኖርድ» ይበሉ፣ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

አሁን ጽዳቱ። «ጊት ክሊን ዳሽ ኤንዲ» ብለው መጨረሻ ላይ ትልቁን ኤክስ ይጨምሩ፤ ኤኗ ሳትሰርዝ ታሳያለች። ትልቁ ኤክስ ኢግኖር የተደረጉትን ብቻ ይመርጣል፤ ትንሹ ኤክስ ግን ገና በ«ጊት አድ» ያላስገቧቸውን አዲስ ፋይሎች ጭምር ያጠፋል፣ እነሱን ደግሞ ጊት መልሶ አያመጣልዎትም። ዝርዝሩን በትዕግሥት ያንብቡ፤ የይለፍ ቃል የያዘ «ዶት ኢኤንቪ» ወይም ለሙከራ የሚጠቀሙበት ዳታቤዝ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለማዳን ቀላሉ መንገድ ለጊዜው ወደ ሌላ ፎልደር ማዛወር ነው። «ዳሽ ኢ» ከትንሹ ኤክስ ጋር ሲሆን ፋይሉን ያስተርፋል፤ ከትልቁ ኤክስ ጋር ግን ተቃራኒው ነው፣ ስሙን ከሚሰረዙት ጋር ይደምረዋል። ዝርዝሩ ካሳመነዎት ኤኗን በኤፍ ይተኩ። ሰብሞጁል (በፕሮጀክቱ ውስጥ የተካተተ ሌላ የጊት ማከማቻ) ካላችሁ ጊት ክሊን ወደ ውስጣቸው አይገባም፤ ያንኑ ትእዛዝ በ«ጊት ሰብሞጁል ፎርኢች ዳሽ ዳሽ ሪከርሲቭ» ያስኪዱት። ከዚያ «ሜሰን ሴትአፕ ቢልድ»፣ ቀጥሎ «ሜሰን ኮምፓይል ዳሽ ትልቁ ሲ ቢልድ»።

ኮንፊግ.ኤች ብቻውን አይደለም። ባይሰን፣ ከሰዋስው ፋይል የሲ ኮድ የሚያመነጨው መሣሪያ፣ የሚፈጥረው «ፓርሰር.ኤች»ም በዚያው መንገድ ይጎዳል፦ ሰዋስዉ ላይ አዲስ ቶክን (ሰዋስዉ የሚያውቀው የቃል ዓይነት፣ በቁጥር የሚወከል) ሲጨመር ቁጥሮቹ ይቀየራሉ፣ አጠገቡ አሮጌውን ሄደር የሚያገኝ በእጅ የተጻፈ ፋይል ግን የቀድሞዎቹን ቁጥሮች ይይዛል። የስሪት ቁጥር የያዘ ሄደርም እንዲሁ፤ እሱ ፕሮግራሙን የአምናውን ስሪት እንዲናገር ስለሚያደርገው ቢያንስ ቶሎ ይታያል።

ገና አዲሱን ኮሚት ፑል ላላደረጉ ባልደረቦችዎ የተሻለ ቅደም ተከተል አለ፣ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ከፑል በፊት፣ በአሮጌው ሜክፋይል መጀመሪያ «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «ሜክ ሜንቴነር ዳሽ ክሊን»። «ሜክ ክሊን» ኮንፊግ.ኤችን አይነካም። «ዲስትክሊን» እሱን ያነሳል፤ የባይሰን ውጤቶችን ግን ከታርቦል (ለተጠቃሚ ከሚሰራጨው የሶርስ ጥቅል) ጋር የሚላኩ ስለሆኑ ይተዋቸዋል፤ ሜንቴነር ክሊን እነሱንም ያጠፋል። ከፑል በኋላ ከሆነ «ሜክፋይል.ኤኤም» ስለተሰረዘ፣ የቀረው ሜክፋይል ራሱን ለማደስ ሞክሮ ይወድቃል፤ ያኔ የሚቀረው ጊት ክሊን ነው።

አንኢንስቶሉን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አውቶቱልስ ሌላ ካልተባለ ላይብረሪውን «ዩዝር ሎካል ሊብ» ውስጥ ያስገባል። ሜሰን ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በዚያ ሥር የማሽኑን ዓይነት የያዘ ንዑስ ፎልደር ይመርጣል፣ ፌዶራ ላይ ደግሞ «ሊብ64»ን። አዲሱ አሮጌውን ስለማይተካው ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ይኖራል። ከጽዳቱ በኋላም እንግዳ ጠባይ ካዩ፣ ኢንስቶል በተደረገው ፕሮግራም ላይ «ኤልዲዲ» አስኪደው የትኛውን ላይብረሪ እንደሚጭን ይመልከቱ።

ይህ እንዳይደገም ጥበቃውን ቢልዱ ውስጥ ማስገባት ይገባል። አውቶሜክ ይህን ያውቅ ነበር፤ ከሶርስ ውጭ ሲገነቡ፣ ሶርሱ ቀድሞ ኮንፊገር ተደርጎ ከሆነ መጀመሪያ ዲስትክሊን አድርግ ብሎ ይቆማል። ሜሰን በራሱ አይፈትሽም። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ፖስትግሬስኪውኤል በ2023 በወጣው ስሪት 16 ሜሰንን ሲጨምር ይህን ፍተሻ ራሱ ጽፎ አስገብቷል፦ ከሶርስ ውስጥ የሚጋጩ ፋይሎች ካገኘ ስማቸውን ዘርዝሮ ቢልዱን ያቆማል። እናንተም ዋናው «ሜሰን.ቢልድ» ላይ «ኤፍኤስ» ሞጁሉን አስገብታችሁ፣ «ኤፍኤስ.ኤግዚስትስ» አሮጌውን ኮንፊግ.ኤች ካገኘ «ኤረር» እንዲጠራ አድርጉ፤ መልእክቱ ላይ የጽዳት ትእዛዙን ጻፉበት። ጥቂት መስመር ነው፤ ሞጁሉ ከሜሰን 0.53 ጀምሮ አለ። ሄደሩን አዲስ ስም መስጠትም ይሠራል፤ ኢንክሉዶቹን ሁሉ መቀየር ግን ይጠይቃል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አውቶቱልስ «ሃቭ ኮንፊግ ኤች» የሚለውን ማክሮ ለኮምፓይለሩ በራሱ ይሰጣል፣ ሜሰን ግን አይሰጥም። ኮዳችሁ ኢንክሉዱን በዚያ ማክሮ ካጠረው፣ አሮጌውን ፋይል ብታጠፉም አዲሱ አይነበብም፤ «አድ ፕሮጀክት አርጊውመንትስ» ላይ ጨምሩት።

ጽዳቱ መሟላቱን ለማየት «ጊት ወርክትሪ አድ» ብለው አዲስ ፎልደር ያውጡ። እዚያ የሚገቡት ጊት የሚያውቃቸው ፋይሎች ብቻ ናቸው። በሁለቱም ፎልደር ገንብተው የዴፕስ ዝርዝሮቹን በ«ዲፍ» ያስተያዩ፤ በአንዱ ብቻ የሚታይ ሄደር ካለ እሱ ከድሮው የቀረ ነው።